የማተሚያ ስህተት ወይስ ጉዳት? ስለ ሰብሳቢዎች ሳንቲሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሳንቲም መሰብሰብ የጀመሩ ሰዎች እንግዳ መልክ ያለው ሳንቲም እጃቸው ሲገባ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኞቹ ምሳሌዎች የተወሰዱት ከአሜሪካ ሳንቲሞች ነው፤ ስህተት ያለባቸው ሳንቲሞች ገበያ በዚያ አገር የደራ ከመሆኑም በላይ የየሳንቲሙ ክብደትና የብረት ቅይጥ በይፋ ስለሚታወቅ ማመሳከር ቀላል ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሳንቲሞችና ስለ ጠገራ ብር ወደ መጨረሻው ራሱን የቻለ መልስ ተሰጥቷል። የውጭ አገር ሳንቲሞች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያውያኑ በራሳችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በማተሚያ ስህተትና በጉዳት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

የማተሚያ ስህተት የሚባለው ሳንቲሙ ገና በማተሚያው ውስጥ ሳለ፣ ብረቱ ሲዘጋጅ፣ ምስሉን በሳንቲሙ ላይ የሚያትመው ማኅተም ሲቀረጽ ወይም ሳንቲሙ ሲታተም የተፈጠረ እንከን ነው። ጉዳት የሚባለው ደግሞ ሳንቲሙ ከዚያ ከወጣ በኋላ በሰው እጅ፣ በማሽን፣ በእሳት፣ በአፈር ወይም በኬሚካል የደረሰበት ነገር ሁሉ ነው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ፤ በገበያ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ከተለመደው ዋጋ በላይ ሊያወጣ ሲችል ሁለተኛው ሳንቲሙ የነበረውን ዋጋ እንኳ ያሳጣል።

ስለዚህ «ስንት ያወጣል?» ከማለት በፊት «በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ እንዲህ ሊሆን ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ደረጃውን ለይቶ መናገር ካልተቻለ ሳንቲሙ እንደ ተጎዳ ይቆጠራል። ይህ አቋም ጥብቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በየኪሱና በየሱቁ ከሚገኙት እንግዳ ሳንቲሞች እጅግ የሚበዙት የተጎዱ በመሆናቸው፣ የማስረዳቱ ሸክም «ስህተት ነው» በሚለው ወገን ላይ ማረፉ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳንቲም እንዴት ይሠራል? ይህን ማወቅስ ለምን ያስፈልጋል?

በጥቅል የመጣው የብረት ሉህ በመቁረጫ ማሽን ሥር ሲያልፍ ክብ ክብ ጥፍጥፎች ይቆረጡበታል። ጥፍጥፎቹ በእቶን ሞቀው እንዲለሰልሱ ከተደረገ በኋላ ታጥበው ይደርቃሉ፤ ቀጥሎም ዙሪያቸውን በሚጨምቅ ማሽን ውስጥ ሲሽከረከሩ ዳር ዳራቸው ከፍ ያለ ክፈፍ ያወጣል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ጥፍጥፍ በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ይያዛል፤ ማተሚያው በብዙ ቶን ጉልበት ሲጫነው የፊቱ ምስል፣ የጀርባው ምስልና የጠርዙ ጥርስ በአንድ ቅጽበት ይወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ «ክፈፍ» የሚለው በገጹ ዳር ያለውን ከፍ ያለ ዙሪያ ሲሆን፣ «ጠርዝ» የሚለው ሳንቲሙ ሲቆም ጠረጴዛውን የሚነካው ጎን ነው።

ስህተቶች እንደተፈጠሩበት ደረጃ በሦስት ይከፈላሉ፤ የጥፍጥፍ፣ የማኅተምና የምት (ማተሚያው ጥፍጥፉን ሲመታ የሚፈጠሩ) ስህተቶች ይባላሉ። ክፍፍሉ ለምርመራ በቀጥታ ይጠቅማል። አንድ ማኅተም ከመለወጡ በፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞችን ሊያትም ስለሚችል፣ በማኅተሙ ላይ ያለ እንከን በተከታዮቹ ሳንቲሞች ሁሉ ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ይደገማል። ስለዚህ አንድ ሰው «ማኅተሙ ተበላሽቶ ነው» የሚል ከሆነ፣ ተመሳሳይ ምልክት ያለበት ሌላ ሳንቲም መኖር አለበት። የጥፍጥፍና የምት ስህተቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳንቲም ላይ ብቻ የሚደርሱ በመሆናቸው፣ እነሱን የሚያረጋግጠው ሳንቲሙ ራሱ የያዘው ማስረጃ ነው።

ለመመርመር ምን ምን መሣሪያ ያስፈልጋል?

እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛን፣ ትንሽ ማግኔት፣ ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽርና ከአንድ ጎን የሚበራ መብራት ይበቃሉ። ከሁሉም በላይ ግን የዚያው ዓይነትና የዚያው ዘመን ደህና ሳንቲም አጠገብዎ ይኑር። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ጤነኛው ሳንቲም ምን እንደሚመስል ሳያስተውሉ የታመመውን በመመርመር ነው።

የአሜሪካ ሳንቲሞች ክብደት ይህ ነው፦ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራው አንድ ሴንት 3.11 ግራም፣ በ1982 የተጀመረው የዚንክ ሴንት 2.5 ግራም፣ አምስት ሴንት 5 ግራም፣ ዳይም (አሥር ሴንት) 2.27 ግራም፣ ኳርተር (ሃያ አምስት ሴንት) 5.67 ግራም። በ1982 ሁለቱም ዓይነት ሴንቶች ስለታተሙ የዚያ ዓመት ሳንቲም 3.1 ግራምም ሆነ 2.5 ግራም ቢመዝን የሚያስገርም አይደለም።

ምልክቱ ከፍ ብሎ ከወጣ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ልዩነት አለው?

አለው፤ ለጀማሪ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ በላይ የሚጠቅመውም ይህ ነው። በማኅተሙ ላይ የሆነው በሳንቲሙ ላይ ተገልብጦ ይታያል። ማኅተሙ ከተሰነጠቀ፣ በምቱ ጊዜ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። የማኅተሙ ዳር ተገንጥሎ ከወደቀ ደግሞ በሳንቲሙ ክፈፍ ላይ ፊደልም ምስልም የሌለበት ያበጠ ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያው ቦታ በስተጀርባ ያለው ምስልም ብረቱን የሚገፋው ስለሌለ ደብዝዞ ይታያል። ያበጠው ቦታ ኖሮ በስተጀርባው ያለው ምስል ሙሉ ለሙሉ ጥርት ካለ፣ ሳንቲሙ በሙቀት የቀለጠ ወይም ነገር የተበየደበት ሊሆን ስለሚችል መጠርጠር ይገባል።

ጭረት ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ስለታም ነገር ብረቱን ሲያርሰው የተገፋው ብረት በጭረቱ ዳርና ዳር ተከምሮ ይቀራል፤ ይህንን ክምር በአጉሊ መነጽር ማየት፣ አንዳንዴም በጥፍር መዳሰስ ይቻላል። በገጹ ላይ ከክፈፉ ትንሽ ገባ ብሎ የሚዞር ክብ ጭረት ካለ፣ ሳንቲሞችን በወረቀት የሚጠቀልል የባንክ ማሽን የፈጠረው ጉዳት ነው። ይህኛው ዙሩ የተስተካከለ በመሆኑ ብቻ ብዙ ሰው ከማተሚያው የመጣ ይመስለዋል።

ደንቡን የሚያጠብ አንድ ሁኔታ አለ። በምቱ ጊዜ በማኅተሙና በጥፍጥፉ መካከል ክር፣ የሽቦ ቁራጭ ወይም የደረቀ ቅባት ከገባ፣ የነገሩ ቅርጽ በሳንቲሙ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ይህም እውነተኛ የምት ስህተት ነው። ከጭረት የሚለየው በዳርና ዳሩ የተከመረ ብረት ስለሌለውና የጉድጓዱ ወለል ለስላሳ ወይም የገባውን ነገር ሸካራነት የያዘ ስለሆነ ነው።

ፊደሎቹና ቁጥሮቹ ድርብ ሆነው ይታያሉ፤ ውድ ሳንቲም አግኝቻለሁ ማለት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚነሳ ሰፋ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል።

እውነተኛው ድርብ ማኅተም የሚፈጠረው ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ነው። ቀደም ባለው አሠራር የሥራ ማኅተሙ ምስሉን የሚቀበለው ከዋናው ቅርጽ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ተጭኖ ነበር፤ በሁለቱ ጭነቶች መካከል ማኅተሙ ጥቂት ከዞረ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ይቀረጽበታል። በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው በ1955 በፊላዴልፊያ የታተመው የሊንከን አንድ ሴንት ነው። በፊቱ ገጽ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረትና ጽሑፉ በሙሉ ያለ አጉሊ መነጽር ድርብ ሆኖ ይታያል። ስህተቱ ሲታወቅ ሳንቲሞቹ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅለው ስለነበር ሁሉንም ከማቅለጥ ይልቅ እንዲወጡ ተደረገ፤ ከ20,000 በላይ የሚሆኑት እንደ ተሰራጩ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከመሸጫ ማሽን በሚገዛ የሲጋራ ፓኬት ውስጥ እንደ መልስ ተቀምጠው ወደ ሰው እጅ ገብተዋል።

የማሽን ድርብ የሚባለው ግን ሌላ ነው። በምቱ መጨረሻ ላይ የላላ ማኅተም ሲንሸራተት አሁን የታተመውን ፊደል ጎኑን ይደፈጥጠዋል። የሚታየው ሁለተኛ ጥላ ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለና የሚያብረቀርቅ እርከን ነው። ሁለቱን ለመለየት የፊደሉን ስፋት ይመልከቱ። በእውነተኛው ድርብ ማኅተም ሁለተኛው ምስል በመጀመሪያው ላይ ስለሚጨመር ፊደሉ ከተለመደው ይሰፋል፤ ሁለቱም ምስሎች የተድበለበለ ቁመት አላቸው፤ በፊደሉ ማዕዘኖችም ላይ ጫፉ ለሁለት የተከፈለበት ትንሽ ስንጥቅ ይታያል። በማሽን ድርብ ግን እርከኑ የተወሰደው ከፊደሉ ከራሱ ስለሆነ ፊደሉ ከተለመደው ይቀጥናል። ከደህና ሳንቲም ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። ማኅተሙ ብዙ ከሠራ በኋላ ሲያረጅ የፊደሎቹ ዳር ተበልቶ ብዥ ያለ ጥላ ይፈጥራል። የዚያው የ1955 ሴንት ሌሎች ቅጂዎች ላይ የመጨረሻዋ 5 በዚህ ምክንያት ድርብ ትመስላለች፤ አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች ይህንን የድሃው ሰው ድርብ ይሉታል፤ በዋጋም ከእውነተኛው ጋር አይወዳደርም። የማሽን ድርብና የእርጅና ድርብ ሁለቱም በማተሚያው ውስጥ የሚፈጠሩ ቢሆኑም ሰብሳቢዎች ተጨማሪ ዋጋ አይሰጧቸውም። ስለዚህ «ከማተሚያው የመጣ» መሆኑ ብቻውን ውድ አያደርገውም።

ከሳንቲሜ ዳር ቁራጭ ጎድሏል፤ ሰው ቆርጦት ይሆን?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ያለው ግን በጎደለው ቦታ ሳይሆን በትክክል ከእሱ ፊት ለፊት ባለው ክፈፍ ላይ ነው። የብረቱ ሉህ በመቁረጫው ሥር በሚገባው ልክ ሳይራመድ ሲቀር፣ መቁረጫው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ይወርድና ዳሩ የተነከሰ ጥፍጥፍ ይወጣል። ይህ ጥፍጥፍ ክፈፍ በሚያወጣው ማሽን ውስጥ ሲሽከረከር ግፊቱ የሚሠራው በተቃራኒ ሁለት ጎኖች መካከል ነው፤ በአንዱ ጎን ብረት ከሌለ በተቃራኒው በኩልም ግፊት አይኖርም። ስለዚህ ከጎደለው ቦታ ፊት ለፊት ያለው ክፈፍ ሳሳ ያለ ወይም ጨርሶ የጠፋ ይሆናል። ሰብሳቢዎች የብሌክስሊ ምልክት የሚሉት ይህንን ነው።

ጥፍጥፉ ከመታተሙ በፊት ጎደሎ ስለነበር በምቱ ጊዜ ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ይፈሳል፤ በአጠገቡ ያሉት ፊደሎችም ወደዚያው የተሳቡና የሰፉ ይመስላሉ። በመቀስ፣ በመጋዝ ወይም በሞረድ የተቆረጠ ሳንቲም ግን ፊደሎቹ በድንገት ተቆርጠው ያበቃሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ክፈፍ ሙሉ ነው፤ የተቆረጠውም ጎን የመሣሪያውን ጥርስ ያሳያል። የብሌክስሊ ምልክት በእያንዳንዱ እውነተኛ ሳንቲም ላይ እኩል ጎልቶ ባይታይም፣ ፊደሎቹ ወደ ጉድለቱ መሳባቸውንና ክብደቱ በጎደለው ልክ መቀነሱን ጨምሮ ማየት ከስህተት ያድናል።

ሳንቲሙ ከተለመደው ያነሰና ክፈፉ የወፈረ ነው፤ በሌላ ሳንቲም ጥፍጥፍ ላይ ታትሞ ይሆን?

ይህ መልክ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ሥራ ነው። ሳንቲም ከኪስ ወጥቶ በሚሽከረከረው በርሜል ክፍተት ውስጥ ሲቀር ለረጅም ጊዜ ጠርዙ እየተቀጠቀጠ ይኖራል። ጠርዙ ተደፍጥጦ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ክፈፉ ይወፍራል፤ ለዳሩ የቀረቡት ፊደሎች በታጠፈው ብረት ሥር ይሸፈናሉ፤ የሳንቲሙም ስፋት ይቀንሳል። ክብደቱ ግን ከተለመደው ብዙም አይርቅም፤ ፍርዱን የሚሰጠውም ይህ ነው። በትንሽ ጥፍጥፍ ላይ የታተመ እውነተኛ ሳንቲም፣ ለምሳሌ በዳይም ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ሴንት፣ የዳይሙን 2.27 ግራም ይመዝናል፤ ፊደሎቹም ቦታ ስላጡ ከዳር ይቆረጣሉ እንጂ ብረት ታጥፎ አይሸፍናቸውም።

በሳንቲሙ ላይ የሌላ ሳንቲም ምስል ወደ ውስጥ ተገልብጦ ታትሟል፤ ይህ ምንድን ነው?

ታትሞ ያለቀ ሳንቲም ከማኅተሙ ሳይላቀቅ ቀርቶ የሚቀጥለው ጥፍጥፍ ሲገባ፣ የተጣበቀው ሳንቲም እንደ ማኅተም ያገለግልና ምስሉን ገልብጦ ወደ ውስጥ ያትማል። ይህ እጅግ ተፈላጊ የምት ስህተት ነው። ችግሩ ሁለት ሳንቲሞችን ደርቦ በሞርሳ የጨመቀ ወይም በመዶሻ የመታ ሰውም የተገለበጠ ምስል ማግኘት መቻሉ ነው።

በእውነተኛው ላይ የተገለበጠው ምስል ገጹን የሚይዘው ብቻውን ነው፤ ሌላው ገጽ በተለመደው ማኅተም ስለታተመ ጥርት ብሎ ይታያል። በሞርሳ በተጨመቀው ግን የሳንቲሙ የራሱ ምስል አስቀድሞ ነበረ፤ የተገለበጠው ምስል በላዩ ላይ ተጭኖ ይገኛል፤ በስተጀርባውም በኩል ከፍ ከፍ ያሉት ክፍሎች በሞርሳው መንጋጋ ተደፍጥጠው ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቁ ሆነዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሳንቲም ሲያገኙ ምስሉ አስደናቂ የሆነበትን ገጽ ትተው ጀርባውን አስቀድመው ይመርምሩ።

የሳንቲሙ ቀለም የተለየ ነው፤ ኳርተሬ መዳብ ይመስላል፣ ሴንቴ ደግሞ ብር ይመስላል።

ለቀለም ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሚዛኑ ነው። የዛሬው ኳርተር መሀሉ ንጹሕ መዳብ ሲሆን በሁለቱም ገጽ የመዳብና የኒክል ቅይጥ ተለብጦበታል። አንዱ ልባጥ ከመታተሙ በፊት ከተላቀቀ ያ ገጽ መዳብ መስሎ ይወጣል፤ ክብደቱም ወደ 4.7 ግራም ይወርዳል። ኳርተሩ ቀልቶ ሳለ 5.67 ግራም የሚመዝን ከሆነ ልባጡ በቦታው አለ፤ ቀለሙን የለወጠው አፈር፣ እሳት ወይም ኬሚካል ነው። አሲድ የበላው ሳንቲም ደግሞ ክብደቱ ቢቀንስም ሁለቱም ገጾች፣ ጠርዙና ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ሳስተው ስለሚታዩ ይለያል።

ብር የመሰለ ሴንት አብዛኛውን ጊዜ በዚንክ ወይም በሌላ ብረት የተለበጠ ነው፤ በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ሳንቲም መለበጥ የተለመደ ስለሆነ እንዲህ ያሉት በብዛት ይገኛሉ። ዓመተ ምሕረቱ 1943 ከሆነ ግን ምንም ስህተት የለበትም፤ በጦርነቱ ምክንያት መዳብ ስለተፈለገ በዚያ ዓመት ሴንት የታተመው ዚንክ በተቀባ አረብ ብረት ላይ ነው።

ሁሉም የሚፈልገው የዚያው ዓመት የመዳብ ሴንት ነው። ከ1942 የተረፉ ጥቂት የመዳብ ጥፍጥፎች በ1943 ማኅተሞች በመታተማቸው የተፈጠረ ሲሆን፣ የሚታወቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። ተመሳስሎ የሚሠራበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የአረብ ብረቱን ሳንቲም በመዳብ መለበጥ ነው፤ ይህ ማግኔት ስለሚስበው ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው የ1948 ሴንትን 8 በግራ በኩል ፍቆ 3 ማስመሰል ነው፤ ይህኛው በማግኔትም በክብደትም ያልፋል። የዚህን ማታለል የሚያጋልጠው የቁጥሩ ቅርጽ ነው። በእውነተኛው የ1943 ሳንቲም ላይ የ3 የታችኛው ጅራት ረጅም ሆኖ ከሌሎቹ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ ከ8 የተፋቀው ግን አጭር ነው፤ በተፋቀበትም ቦታ የገጹ ወለል ሸካራ ይሆናል።

በዚንክ ሴንቶች ላይ የሚታየው እብጠት ስህተት ነው?

ከ1982 ወዲህ ያለው ሴንት ዚንክ ሆኖ በስሱ መዳብ የተለበጠ ነው። በልባጡ ሥር የታሰረ ጋዝ ሲያብጥ ትንንሽ ጉብታዎች ይፈጠራሉ፤ በቁጥሮች መካከል ከወጣ ድርብ ፊደል ወይም ተጨማሪ ቁጥር ይመስላል። ምንጩ የአመራረቱ ድክመት ቢሆንም እጅግ የበዛ በመሆኑ ዋጋ አይጨምርም። ልባጡ ተሸንቁሮ እርጥበት ወደ ዚንኩ ሲገባ የሚፈጠረው ነጭና ጥቁር ዝገት ግን ፍጹም ጉዳት ነው።

ፊደል ወይም ዓመተ ምሕረት የጠፋው በስህተት ነው ወይስ በማለቅ?

በእጅ ብዛት ያለቀ ሳንቲም በመጀመሪያ የሚበላው ከፍ ያሉት ክፍሎቹ ላይ ነው፤ ጉንጭ፣ ጸጉር፣ ክፈፍ አብረው ያልቃሉ። ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ ሳለ አንድ ፊደል ብቻ ከጠፋ በማኅተሙ ጉድጓድ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። በ2005 በወጣው የካንሳስ ግዛት ኳርተር ላይ በዚህ ምክንያት TRUST ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያው ፊደል ጠፍቶ RUST (ዝገት) በመቅረቱ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ጽሑፍ «በእግዚአብሔር እንዝጋለን» ተብሎ የሚነበብባቸው ቅጂዎች አሉ። ፊደሉ በመሣሪያ ተፍቆ ከሆነ ግን ቦታው ከአካባቢው ወለል ዝቅ ይላል፤ የመፋቂያው መስመርም ይታያል፤ በቅባት የጠፋ ፊደል ቦታው ከወለሉ ጋር እኩል ነው።

የተሟላ ምሳሌ የሚሆነው በ1937 በዴንቨር የታተመው ባለ ሦስት እግር ጎሽ አምስት ሴንት ነው። አንድ ሠራተኛ ማኅተሙን አብዝቶ ስለሞረደው የጎሹ የፊት እግር ጠፍቶ ወጣ። አታላዮች የደህናውን ሳንቲም እግር ፍቀው ይሸጣሉ፤ ነገር ግን እውነተኛው ማኅተም ሌላም ምልክት ነበረው፤ ከጎሹ ሆድ ሥር ወደ መሬቱ የሚወርድ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች መስመር አለው። እግሩን መፋቅ ቀላል ነው፤ ከፍ ያሉ ነጥቦችን በሳንቲሙ ላይ መጨመር ግን አዳጋች ነው።

ሳንቲሙን ስገለብጠው ጀርባው ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ሁለት ሰው የሚያሳይ ሳንቲምስ?

በአሜሪካ ሳንቲሞች ሁለቱ ገጾች ሆን ተብለው ተዘቅዝቀው ይታተማሉ፤ ከላይ ወደ ታች ሲገለበጥ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይመጣል። የዩሮና የእንግሊዝ ሳንቲሞች ግን ከጎን ወደ ጎን ሲገለበጡ ነው ቀጥ የሚሉት። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የተዛወረ ሰው በዚህ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ስህተት የሚባለው ከአገሩ ደንብ ጉልህ በሆነ ዲግሪ የዞረ ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለቱም ገጽ የሰው ምስል የሆነበት ሳንቲም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ለትርኢት የተሠራ ነው፤ አንዱ ሳንቲም ውስጡ ተቦርቡሮ የሌላው ግማሽ ይገጠምበታል። መገጣጠሚያው መስመር በክፈፉ ውስጠኛ ዙሪያ ስለሚደበቅ እዚያ ይፈልጉት፤ ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲደረግም ድምፁ የፈዘዘ ነው።

በኢትዮጵያ ሳንቲሞችና በጠገራ ብር ላይስ ምን መታወቅ አለበት?

በመጀመሪያ፣ ስህተት የሚመስሉ ብዙ ነገሮች በእኛ ሳንቲሞች ላይ የታሰቡ መሆናቸው መታወቅ አለበት። ምስሏ በጠገራ ብር ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 ሲሆን ብሩ ከዚያ በኋላ በቪየናና በሌሎች ከተሞች ሲታተም የኖረው ያንኑ 1780 እንደያዘ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱ ስህተት አይደለም፤ በማተሚያዎቹ መካከል የሚታየው ጥቃቅን ልዩነትም እንዲሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ ያለው አንበሳ በ1887ና በ1889 ቅጂዎች የግራ የፊት እግሩን፣ በኋለኞቹ ላይ የቀኝ እግሩን ያነሣል፤ ይህ የቅርጽ ለውጥ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ የሚለውን ዓመት ይዘው ለብዙ ዓመታት ታትመዋል። የዚያው ዓመት 25 ሳንቲም ክብም፣ ዙሪያው ሞገድ የሆነም አለ፤ ክቡን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሞገዱን በሞረድ የተበላ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ነገር ግን በይፋ የወጣ ቅርጽ ነው። በ1969 የወጡት ሳንቲሞች ከአንድ በላይ በሆኑ ማተሚያዎች ስለተሠሩ በአንበሳው አገጭ ጸጉር ላይ መጠነኛ ልዩነት ይታያል። የ1969ኙ ባለ 5ና ባለ 10 ሳንቲም ነሐስ ስለሆኑ ማግኔት አይስባቸውም፤ ከ1996 ወዲህ ያሉት ነሐስ የተለበጠ አረብ ብረት በመሆናቸው ይሳባሉ። ማግኔት ስለሳበው ብቻ «በተሳሳተ ብረት የታተመ» ብሎ መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው።

ጉዳትን በሚመለከት በጠገራ ብር ላይ ጎልቶ የሚገኘው ቀዳዳና የብየዳ ጠባሳ ነው፤ እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ያደርጉት ስለነበር ብዙዎቹ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል። ማንጠልጠያው ተነቅሎ ቦታው ቢለሰልስም በጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ በዚያ ቦታ ይቋረጣል፤ የብየዳውም ብረት ከብሩ የተለየ ቀለም ይይዛል። ቀዳዳው ተደፍኖ ከሆነ ከጎን በሚበራ መብራት ሲታይ የድፍኑ ዙሪያ ይገለጣል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ መሆን አለበት። በማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች የተበሉ ከሆነ ይህ በእጅ ብዛት ማለቅ ነው፤ የጥንት ነጋዴዎቻችንም ዕንቁዎቹ የጠፉበትን ብር አንቀበልም ይሉ ነበር። ማንጠልጠያ ያለበት ብር ከቤተሰብ ከደረሰዎ ለሰብሳቢ የበለጠ ይማርካል ብለው አያስነቅሉት፤ ነቅሎ መጠገን ሁለተኛ ጉዳት ይጨምርበታል፤ ጌጥነቱንም ያሳጣዋል።

በደንብ ለማየት ሳንቲሙን ላጽዳው?

አያጽዱት። በጨርቅ መፈተግ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በሎሚ ማጠብ የሳንቲሙን የመጀመሪያ ገጽ ያጠፋል፤ ያ ገጽ ደግሞ ስህተቱ እውነተኛ መሆኑን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ነው። አፈር የያዘ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ ሳይፈትጉ ማድረቅ ይበቃል።

ለባለሙያ የማስመርመር ውሳኔ መቼ ይወሰናል?

በአሜሪካ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ሳንቲምን መርምረው፣ ዓይነቱንና የጥራት ደረጃውን ጽፈው በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ይመልሳሉ። የምርመራው ክፍያ ውጤቱ «ጉዳት ነው» ቢሆንም የሚከፈል ስለሆነ፣ ሳንቲሙን ከመላክዎ በፊት ከላይ የተጠቀሱትን ፈተናዎች ያለፈ መሆኑን ያረጋግጡ። ምስሉ ከመሀል ጥቂት ያፈነገጠ ሴንት ወይም ትንሽ የተነከሰ ዳይም እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ዋጋው የምርመራውን ክፍያ ላይሸፍን ይችላል። ምስሉ በጣም ከመሀል የራቀ ሆኖ ዓመተ ምሕረቱ የሚነበብ፣ በሌላ ሳንቲም ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ወይም የሁለት ዓይነት ሳንቲሞች ማኅተም የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ማስመርመሩ ይገባል። በ2000 የዋሽንግተን ኳርተር የፊት ማኅተም ከሳካጃዌያ አንድ ዶላር የጀርባ ማኅተም ጋር ተጣምሮ የታተሙት ጥቂት ሳንቲሞች የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ናቸው።

ልምድ ያለው ሰብሳቢ ወይም ነጋዴ በፎቶግራፍ አስቀድሞ እንዲያይልዎ ከፈለጉ የፊቱን ገጽ፣ የጀርባውንና የጠርዙን ሦስት ምስሎች፣ እስከ 0.01 ግራም የተለካውን ክብደትና የማግኔቱን ውጤት አብረው ይላኩ፤ ያለ ክብደቱና ያለ ጠርዙ የሚሰጥ ማንኛውም አስተያየት ግምት ብቻ ነው።